ስለ ትግል ቡድናችን መዘጋትና ስለ አራተኛዋ ወረቀት

ለተከበሩ ዶክተር ፕሬንቲስ ቴቬት
የቬስሊ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ጉዳዮች ዳይሬክተር
አዲሱ ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ እግር ኳስ ሜዳው በሚያየው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? እኔ ለዕድሜዬ ክፉ አይደለሁም፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ይታዘዘኛል። ባለፈው መኸር ለተተከለው ለአዲሱ የውጤት ሰሌዳም የከበረ ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ። የእግር ኳስ ቡድናችን በስንት ነጥብ እየተመራ እንደሆነ ደጄ ላይ ቆሜ ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ስለሚያሳየኝ፣ እስከ ሜዳው ድረስ ሄጄ የማዝንበትን ድካም አስቀርቶልኛል።

ስሜ ኦርቪል ኩቼራ ይባላል። በዚህ አውራጃ ገጠር ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ሳድል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሃያ ዘጠኝ የውድድር ዘመን ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የትግል ግጥሚያ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት ያዥ ሆኜ ተቀምጫለሁ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት ወደ አሮጌው ጂምናዚየም ብቅ ያሉት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም የጣሪያውን ማፍሰስ ከመሐንዲሶች ጋር ሊያዩ ስለነበር ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ። የቡድኑን ዕጣ በወሰነው የአማካሪ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ግን ከቀኝዎ በኩል ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበርኩት፣ ኬኩን ሁለት ጊዜ ያነሳሁት ሰውዬ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የመረጡኝ የታጋዮቹ ወላጆች ናቸው። ባለፈው ሳምንት በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰብስበው “ማን ይጻፍልን?” ሲባል፣ እንደተማከረ ሰው ሁሉም ዘወር ብለው እኔን አዩ። የሳምንታዊ ጋዜጣችን አዘጋጅ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ፖስት ወንበሯን ወደ እኔ ጎትታ፣ “ኦርቪል፣ እዚያ ጉባኤ ውስጥ ገብተህ የተሟገትክልን አንተ ነህ። ሙሉ ገጽ እለቅልሃለሁ። ሰውየውን በጨዋ ደንብ ልክ ልኩን ንገርልኝ” አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይገባዎታል። ለጊዜው ግን አደራ ተቀብያለሁና ቅሬታዎቻችንን በቁጥር፣ ምስጋናዎቻችንን ደግሞ ያለ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቋንቋዎ ልስላሴ። ቡድናችን “ተዘግቷል” ብለው ቢጽፉልን ኖሮ በእጅጉ እናዝን ነበር። እርስዎ ግን ለልባችን አስበው “ከባለድርሻ አካላት ጋር በተደረሰ የጋራ ግንዛቤ በስፖርት ዘርፉ ላይ ስልታዊ ሽግሽግ ተደርጓል” ብለው ስለጻፉ፣ የከተማው ግማሽ ሕዝብ ቡድኑ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ መስሎት ሦስት ቀን ሙሉ ተረጋግቶ ሰንብቷል። የግንባታ ዕቃ መደብሩ ባለቤት ሄርሸል መኪናውን አጠገቤ አቁሞ፣ “እና የት ነው የተሸጋሸጉት? የጭነት መኪናዬን ይዤ ምንጣፋቸውን ላግዛቸው እንዴ?” ብሎ ጠይቆኛል። ሽግሽጉ ወደ የትም እንዳልሆነ ስነግረው ሞተሩን አጠፋ። ሄርሸል ለወሬ ብሎ ሞተር የሚያጠፋ ሰው አለመሆኑን መላው አውራጃ ያውቃል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የተሸጋሸገው ነገር ምን እንደነበር ባጭሩ ላስታውስዎ። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቡድናችን የምድቡን ዋንጫ ሲወስድ ከተማው ሱቁን ቆልፎ በአሥራ አንድ አውቶቡስ ተከትሎት ሄዷል። ባንክ የሚጠብቅ ሰው እንኳን ስላልቀረ ባንኩን የጠበቀው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አማት ነበረች። ከዚያም ወረድን። አሥር የክብደት ምድብ ላለው ግጥሚያ ሰባት ልጅ ብቻ ይዘን የምንሄድበት፣ የጎደሉት ሦስቱ ምድቦች ገና ማንም ማንንም ሳይነካ አሥራ ስምንት ነጥብ የሚያስከፍሉን ዘመን መጣ። ያን ጊዜ ተመልካቹ እኔ፣ የሕክምና ባለሙያውና ፖፕኮርን ሻጯ ነበርን፤ ፖፕኮርን ሻጯም ግጥሚያው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው። ከዚያ አሰልጣኝ ብራም ደ ቭሪስ መጣ። ያ ሰው የእርሻ ቤት እየዞረ፣ በእናቶች ወጥ ቤት እየተቀመጠ፣ አንድ አንድ እያለ ልጅ ሰበሰበ። በመጣ በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ ማለትም አምና፣ ሦስት ልጆች ለአገር አቀፉ ውድድር አበቃን። ስንወድቅ ያልዘጉንን ስንነሳ ስለዘጉን፣ የጊዜ አመራረጥዎን እናደንቃለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሚዛናዊነትዎ። ራስ ቁር አጥልቀው የሚጋጩበት እግር ኳሳችን ካለፉት አርባ አራት ግጥሚያዎች ዘጠኙን አሸንፏል። ለዚህም አዲስ ሣር፣ አዲስ መታጠቢያ ቤትና ከላይ የተጠቀሰው ሰሌዳ ተሸልሟል። የሩጫ ቡድናችን ሴቶች ልጆች በበኩላቸው ሁለት ዓመት በተከታታይ የምድቡን የዱላ ቅብብል በማሸነፍ ጥፋት ስላጠፉ፣ መሮጫቸው አስፋልት ፈስሶበት ለእግር ኳስ እንግዶች መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የርዝመት ዝላዩ አሸዋ ያለበት ቦታ ላይ አሁን የእርስዎ ምክትል መኪናውን ያቆማል። ልጆቹ በመንገድ ዳር፣ ከበቆሎ ጫኝ መኪኖች ጋር ይሮጣሉ። አሰልጣኛቸውን “እንዴት ነው ልምምዱ?” ብዬ ብጠይቃት፣ “ፍጥነታቸው ጨምሯል፣ ከኋላቸው የሚመጣውን ስለሚያዩ” አለችኝ። ለዚህ አዲስ የሥልጠና ዘዴዎ ከልብ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ዜናውን ስላሰሙበት መንገድ። እዚህ ላይ ከሌሎቹ ቅሬታዎች የተለየ ነገር አለ፤ ምክንያቱም በቦታው ነበርኩ።

ዓርብ ማታ ሊሆን ሲል፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ፣ አውቶቡሳችን ለአገር አቀፉ ከሚያሳልፈው ውድድር እየተመለሰ ነበር። ልጆቹ ክብደት የሚጠብቁበት ጊዜ ስላበቃ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ መተላለፊያው በቺፕስ ላስቲክ ተሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠው ኤሊሴዮ ባራሃስ ነበር። እርስዎ ላያውቁት ስለሚችሉ ላስተዋውቅዎ፤ በአንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ፓውንድ የሚታገል፣ መምህርነት የሚያጠና፣ እናቱ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካው የምትሠራ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በዚያ ቀን ወደ አገር አቀፉ የሚያሳልፈውን ግጥሚያ በአንድ ነጥብ ተሸንፏል። አንድ ዓመት ቀርቶታል። ጆሮው አብጦ፣ ግማሽ ሳንድዊች በእጁ ይዞ፣ “ሚስተር ኩቼራ፣ ስህተቴን አይቼዋለሁ። ግራ እግሬን ነው የሰጠሁት። በሚቀጥለው ዓመት አያገኛትም” አለኝ። እኔም፣ “በሚቀጥለው ዓመት፣ ልጄ” አልኩት፤ ትከሻውንም መታ አደረግኩት።

ከዚያ ስልኮቹ መጮህ ጀመሩ፤ በመጀመሪያ ከኋላ አንዱ፣ ቀጥሎ ሦስቱ፣ ከዚያም ሁሉም። አሰልጣኝ ብራም ከፊት ወንበር ዞሮ፣ “ምንድን ነው? ማን ሞተ?” አለ። እሱ ስልክ አይወድም፤ ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራው መዘጋቱን ያነበበለት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሰማውና፣ “‘ስልታዊ’ የምትለዋን ቃል እስቲ ድገምልኝ” አለ። ልጁ ደገመለት። ብራም ወደ ፊት ዞሮ ተቀመጠ፤ ቀሪውን አንድ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያየሁት ማጅራቱን ብቻ ነው። ኤሊሴዮ ሳንድዊቹን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የውድድር ዘመኑ አልቆ ሳለ ምግብ የሚያስቀምጥ ታጋይ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ አይቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ በአንድ መስመር መልእክት ላደረጉልን፣ ፊታችንን የማየት ጣጣ ውስጥም ላልገቡት ለክቡርነትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

አራተኛ፣ ስለ ማኅበረሰብ አማካሪ ጉባኤው።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ተነስቼ ነበር። ያልቆሸሸ ጋራዥ ጠርጌ ተመልሼ ነው የተቀመጥኩት። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ በዚህ ቁጥር ሥር እንድጽፍ የምትጠብቀው፣ ከሰባታችን መካከል አራቱ እንዴት በኬክና በፈገግታ እንደተታለሉ፣ ሦስታችን ደግሞ እንዴት እንደ ቋጥኝ እንደቆምን ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንደዚያ ጽፌው ነበር። ጥሩ ነበር፤ ስለ ኬኩ የጻፍኩት እኔንም አስቆኛል። ከዚያ ቀደድኩት።

ሰባታችን ረቡዕ ዕለት፣ ማለትም ከአውቶቡሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በእርስዎ ቢሮ ተቀመጥን። “የትግል ስፖርቱ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል?” የሚል ወረቀትና አንድ አንድ እርሳስ ታደለን። ወረቀቱን አጥፈን የምንጥልበት ሳጥን ስለጠፋ፣ ከመደርደሪያዎ ላይ የእግር ኳስ ራስ ቁር አውርደው ገልብጠው አዞሩልን፤ ከአባላቱ አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም ስቋል። ምሥጢራዊ ነበር። ቆጠራው አራት ለሦስት ሆኖ ተዘጋ። “እስኪገለጽ ድረስ በመካከላችን ይቆይ” አሉን፤ እኛም ቆየንልዎ።

አራተኛዋ ወረቀት የእኔ ናት።

አሁን ይህን የሚያነብ ሁሉ፣ በተለይም በምድር ቤቱ ተሰብስባችሁ ወደ እኔ ዞር ያላችሁ ሁሉ፣ ጋዜጣውን አስቀምጣችሁ እንደገና ብታነሱት አይለወጥም። “አይቀጥል” የሚለውን በእርሳስ ያከበብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም፤ ኬኩም አላታለለኝም። ኤሊሴዮን “በሚቀጥለው ዓመት፣ ልጄ” ስለው በሚቀጥለው ዓመት ቡድን እንደማይኖር አውቅ ነበር፤ ትከሻውን የመታሁት በዚያችው ባከበብኩበት እጄ ነው።

ምክንያቱን መናገር ምክንያት መስጠት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ግን ክቡር ዳይሬክተር ግጥሚያ አይተው ስለማያውቁ፣ እንዲገባዎ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። በትግላችን አንዱ ሌላውን ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ ከላይ ሆኖ ሲይዘው ጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ ሰዓት ይቆጥራል። ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ፣ ከተጋጣሚው ይልቅ አንድ ሙሉ ደቂቃ አብልጦ ከላይ የቆየ ሰው ተጨማሪ አንድ ነጥብ ያገኛል። ያንን ሰዓት የሚያስነሳውና የሚያቆመው የእኔ አውራ ጣት ነው። አሰልጣኝ ብራም ደግሞ የማይነቃነቅ ደንብ አለው፤ በእያንዳንዱ ክብደት ቦታው የማን እንደሆነ የሚወሰነው በአፍ ሳይሆን በምንጣፍ ነው። ሁለት የአንድ ቡድን ልጆች ይጋጠማሉ፣ ያሸነፈው ያንን ዓመት ይታገላል፣ የተሸነፈው ዳር ተቀምጦ ያጨበጭባል።

ባለፈው ኅዳር ለአንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ፓውንዱ ቦታ የተጋጠሙት ኤሊሴዮ ባራሃስና ኬል ነበሩ። ኬል የሴት ልጄ የሎሬል ልጅ ነው፤ የልጅ ልጄ። የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው እንዲቀመጥ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። “እኔ ሰዓት ስይዝ ዘመድ የለኝም” እያልኩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተናገርኩ ሰው ነኝ፤ ደግሞም እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ኤሊሴዮ አራት ለሦስት ይመራ ነበር። ኬል ከታች ነበር፣ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቷል። ዳኛው ራሱ ብራም ነበር፤ የታችኛው ልጅ ነጻ ሲወጣ አንድ ነጥብ ያገኛል፣ ብራም እጁን ያነሳል፣ እኔ ሰዓቱን አቆማለሁ። የኬል ወገብ ሲፈታ አየሁት። ብራም በሌላው ጎን ስለነበር ገና አላየም። ሰዓቴ ሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ይል ነበር። አውራ ጣቴን ብጫነው ማንም አያውቅም፤ አራት ለአራት ስለሚሆኑ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ ኬል ደግሞ ትንፋሽ ነበረው። የዳኛውን እጅ ጠበቅኩ። እጁ ተነሳ፣ ተጫንኩ፤ ልክ አንድ ደቂቃ። አምስት ለአራት፣ ኤሊሴዮ።

ኬል በሳምንቱ ቡድኑን ለቀቀ። አሁን ጎማ ቤት ይሠራል። ሎሬል ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ሳህን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ “አባዬ፣ ጣትህ ትንሽ ብትፈጥን ምን ይጎድልብህ ነበር?” አለችኝ። “ደንብ ነው” አልኳት። “እሺ፣ ደንብህ ይጡርህ” አለች። ቤተሰብ በሚሰበሰብበት በምስጋና ቀን በዓል የቱርክ ዶሮዬን ቆሜ፣ የራሴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ብቻዬን ነው የበላሁት። ያን ጊዜ ነው በውስጤ አንድ ነገር የተጣመመው። ትክክል ሠርቻለሁ፣ ለትክክለኛነቴ ግን አንድ ሰው ዋጋ መክፈል አለበት ብዬ አሰብኩ። ብራምን ባየሁት ቁጥር ያ የሚያነሳው እጁ ይታየኛል። ኤሊሴዮን ባየሁት ቁጥር፣ በኬል ቦታ የቆመ ሰው ይታየኛል። እርስዎ በመጋቢት እርሳስ ሲሰጡኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ከኅዳር ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ እርሳስ ነው የሰጡኝ።

ያኔ ለራሴ የነገርኩት ግን ይህን አልነበረም። “ልጆቹ ክብደት ለመቀነስ ይራባሉ፣ ጆሯቸው ይበላሻል፣ ጉልበታቸው ይሰበራል፤ ለእነሱ ነው የማስበው” ብያለሁ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲራቡ እያየሁ ሰዓት ከመያዝ ሌላ ያደረግኩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሆነብኝን ልንገርዎ። ምክንያቱም ከሁላችንም ይልቅ እርስዎ ሳያውቁት የተገላገሉት ነገር እሱ ነው። ሰው ያመሰግነኛል። በዶናት ቤቱ ስገባ ሰዎች ይነሱልኛል። የገበሬዎች ማኅበሩ ጸሐፊ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ “ሦስት ሰው ብቻ ነበር ወንድ፣ አንዱ አንተ ነህ” ብሎኛል። እኔም “ኧረ ተወው” አልኩት፤ እሱም ትሕትና መሰለው። ብራም ቢሮውን ሲያጸዳ ልረዳው ሄጄ ሳጥን ተሸክሜለታለሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ አቀፈኝ፤ እሱ ሰው አያቅፍም። “ኦርቪል፣ አንተ እዚያ ባትሆን ስድስት ለአንድ ይዘጉን ነበር” አለኝ። እኔም ሳጥኑን መኪናው ውስጥ አስተካክዬ አስቀመጥኩለት። ያደረግኩት ይኸው ነው።

የኤሊሴዮ እናት ኦቲሊያ ባራሃስ ደግሞ ከፋብሪካው ፈረቃ ስትወጣ፣ የሥራ ጫማዋን ሳትቀይር፣ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ደርዘን ታማሌ የሚባሉ የበቆሎ ሊጥ ምግቦች ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። በስፓኒሽ የአክብሮት አጠራር፣ “ዶን ኦርቪል፣ እኔ በስብሰባ መናገር አልችልም። እርስዎ ግን ለልጄ ተናግረውለታል። እናትዎ ሰው ወልዳለች” አለችኝ። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሄድስ ብዬ ጠየቅኳት፤ ድምፅ ከመስጠቴ በፊት ልጠይቃት የሚገባኝን ነበር የጠየቅኩት። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ የተማረውን ግማሽ እንደማይቆጥሩለት፣ እዚህ ከቀረ ደግሞ ከዚህ በኋላ ምንጣፍ እንደማይረግጥ ነገረችኝ። “አልመረጠም። ማታ ማታ ሁለት ወረቀት ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል” አለች። ታማሌዎቹን አመስግኜ ተቀበልኩ። በልቻቸዋለሁ፣ ክቡር ሆይ። መጣል ነውር መሰለኝና ሁለቱንም ደርዘን በልቻለሁ። እያንዳንዳቸው ጣፋጭ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልወረዱልኝም።

ስለዚህ አምስተኛ ቅሬታ የለኝም። ስድስተኛና ሰባተኛም አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ትግል ክፍሉ፣ በቦታው ስለሚገባው የማሳጅ ወንበር፣ የዋንጫዎቹ ሣጥን በመጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር ስለ መቀመጡ። ሌላ ሰው ይጻፋቸው፤ የእኔ እጅ ለዚያ አትበቃም።

በምትኩ አንድ የአሠራር ጉዳይ አቀርባለሁ። ክቡርነትዎ ራስዎ ባዘጋጁት፣ በራስዎ ፊርማ በተላለፈልን የአማካሪ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ፣ “ማንኛውም አባል ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ እስኪጸድቅ ድረስ የሰጠውን ድምፅ በጽሑፍ የማረም መብት አለው” ተብሎ ሰፍሯል። ይህን አንቀጽ ያስገቡት፣ ባለፈው ዓመት ስለ ሣሩ ቀለም ሐሳብዎን በቀየሩ ጊዜ እንደሆነ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ቃለ ጉባኤው ገና አልጸደቀም። ስብሰባው የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። እኔ ኦርቪል ኩቼራ ድምፄን በዚህ ጽሑፍ፣ በአውራጃው ሕዝብ ሁሉ ፊት አርሜያለሁ፤ ይቀጥል። ቆጠራው ሦስት ለአራት ሆኗል። ሐሙስ ዕለት ቀድሜ እገኛለሁ፣ ከቀኝዎ ሁለተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ አንቀጽ አሥራ አንድንም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ደንብዎ እንደ ሣርዎ ካልሆነ በስተቀር መልሱ ይታወቃል።

ይህ ያደረግኩትን አያጥበውም። ልጁ አውቶቡሱ ውስጥ የደረሰበት ደርሶበታል፤ ብራም ሳጥኖቹን ሸክፏል፣ መልሶ ይፍታ አይፍታ አላውቅም። ወላጆቹም ይህን ካነበቡ በኋላ ሰዓት ያዥ እንዲፈልጉ በትሕትና እመክራለሁ። የሰዓቱን ሣጥን ቁልፍ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ትቼላቸዋለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢሮዎ መስኮት ንጹሕ መስታወት፣ ለእግር ኳሱ አሥረኛ ድል፣ ለሰሌዳውም የማይቃጠል አምፖል ከልብ እየተመኘሁ፣ በጠረጴዛዎ ላይ ኬክ የበላሁልዎ፣ በምሥጢርዎ የተባበርኩዎ፣ ከአራቱ አንዱ የነበርኩ፣ በፍጹም አክብሮትና በብዙ እፍረት፣

ኦርቪል ኩቼራ
የቀድሞ ፖስታ አዳይ፣ የቀድሞ ሰዓት ያዥ
ቬስሊ ፎርክ፣ አዮዋ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ትናንት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ ባራሃስ ቤት ሄጄ ነበር፤ በጋዜጣ እንዲያነቡት መተው የእርስዎን የአውቶቡስ መልእክት መድገም መስሎ ስለታየኝ። ኦቲሊያ በሩ ላይ ቆማ እስከ “አራተኛዋ ወረቀት” ድረስ ሰማችኝና፣ “ለእኔ አይንገሩኝ፤ የልጄ ነው” ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ኤሊሴዮ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም አነበብኩለት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “ሚስተር ኩቼራ፣ የኅዳሩ ሰዓት ግን ልክ ነበር? ኬልን የእውነት ነው ያሸነፍኩት?” አዎ አልኩት። ማልኩለት። ልጁ ብዙ ሲያየኝ ቆየና “እሺ” አለ፤ እንዳላመነኝም አየሁ። ክቡር ዳይሬክተር፣ በዚህ ረገድ ከእኔ የተሻሉ ስለሆኑ እንኳን ደስ ያለዎት፤ እርስዎን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅዎት ሰው አይኖርም፣ ከእርስዎ እውነት የጠበቀ ሰው የለምና። ከእኔ ይጠብቁ ነበር።